ጡረታ የወጡትን የጃፓን ፈጣን ባቡሮች የት ሄዶ ማየት ይሻላል? ኦሚያ፣ ኪዮቶ፣ ናጎያ ወይስ ሞጂ

ስለ ጃፓን ባቡር ወሬ ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ ሺንካንሰን፣ ለብቻው በተዘረጋ ሐዲድ ስለሚሮጠው እጅግ ፈጣን ባቡር ነው። ሺንካንሰን ላይ መሳፈር በእርግጥ የማይረሳ ነገር ነው። እኔ ግን አብልጬ የምወደው በተራው ሐዲድ ላይ አገሩን ከዳር እስከ ዳር ሲያገናኙ ኖረው ጡረታ የወጡትን ፈጣን የኤሌክትሪክ ባቡሮች ነው፤ ከእነሱም ውስጥ 485 የሚባለውን። ይህ ባቡር ዛሬ መደበኛ አገልግሎት ላይ የለም። የተረፉት ጥቂት ፉርጎዎች በየሙዚየሙ ቆመዋል፤ እነሱም ከሰሜን እስከ ደቡብ የተበታተኑ ናቸው።

ለጉዞ የሚነሱ ወዳጆች «አንድ ቀን ብቻ አለኝ፣ የትኛው ጋ ልሂድ?» ይሉኛል። መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ከቶኪዮ የማትርቁ ከሆነ ኦሚያ ሂዱ። ኪዮቶን ልታዩ የምትሄዱ ከሆነ የዚያው ከተማ ሙዚየም ከዋናው ጣቢያ አንድ ፌርማታ ብቻ ስለሆነ አትለፉት። ናጎያ የሚጠቅመው ሺንካንሰኑንም ደርባችሁ ለማየት ከፈለጋችሁ ነው። አንድ ተጨማሪ ቀን መስጠት የምትችሉ ከሆነ ግን በደቡብ በኪዩሹ ደሴት እስካለችው ሞጂ ውረዱ። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት መጀመሪያ ባቡሩን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሳያውቁት የሄዱ ሰዎች ፎቶ አንስተው ብቻ ይመለሳሉ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባቡሩ ለምን እንደዚያ ሆኖ ተሠራ?

በጃፓን «ቶኪዩ» ማለት ልዩ ፈጣን ባቡር ነው። ከመደበኛው ትኬት ላይ ሌላ ተጨማሪ ትኬት ይቆረጥለታል። ድሮ ቶኪዩ ሲባል በሎኮሞቲቭ የሚጎተት ባቡር ነበር። ይህን የለወጠው ኖቬምበር 1 ቀን 1958 ሥራ የጀመረው «ኮዳማ» ነው። ኮዳማ ሎኮሞቲቭ የለውም፤ ሞተሮቹ በብዙ ፉርጎዎች ሥር ተከፋፍለው ተቀምጠዋል። ቶኪዮና ኦሳካን በ6 ሰዓት ከ50 ደቂቃ አገናኘ። ጠዋት የሄደ ነጋዴ ጉዳዩን ጨርሶ ማታ ቤቱ መመለስ ቻለ፤ ስሙም ከዚህ የመጣ ነው፣ «ኮዳማ» የገደል ማሚቶ ማለት ነውና፣ ሄዶ ወዲያው ይመለሳል። ይኸው ዓይነት፣ በኋላ 151 የተባለው፣ በጁላይ 1959 በሙከራ ሩጫ በሰዓት 163 ኪሎ ሜትር ሮጠ። ሐዲዱ 1,067 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጠባብ ሐዲድ መሆኑን ልብ በሉ። ሞተርን በብዙ ፉርጎዎች የማከፋፈሉን ሐሳብ አጥብቆ ይዞ የተከራከረው የብሔራዊው ምድር ባቡር ዋና መሐንዲስ ሺማ ሂዴዎ ነበር፤ የመጀመሪያው ሺንካንሰን በ1964 ሲወጣም የተሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው።

151 ግን አንድ ትልቅ ድክመት ነበረበት። የሚሠራው በ1,500 ቮልት ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚፈስ ኤሌክትሪክ) ብቻ ነው። የጃፓን ምድር ባቡር ደግሞ ዋና ዋናዎቹን የማዕከል መስመሮች በዲሲ ከዘረጋ በኋላ፣ የሰሜኑን፣ የምዕራብ ዳርቻውንና የኪዩሹን ደሴት መስመሮች ወጪ ለመቀነስ በ20,000 ቮልት ኤሲ (አቅጣጫውን እየቀያየረ በሚፈስ ኤሌክትሪክ) ሠራቸው። በዚህ ላይ የኤሌክትሪኩ ንዝረት ራሱ በአገሪቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ በምሥራቅ 50 ኸርዝ፣ በምዕራብ 60 ኸርዝ። ይህም በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ቶኪዮ ጀነሬተሯን ከጀርመን፣ ኦሳካ ደግሞ ከአሜሪካ በመግዛታቸው የመጣ ጣጣ ነው፤ እስከ ዛሬም አልታረቀም። የእኛ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ 25,000 ቮልት ኤሲ ስለሆነ እንዲህ ያለ ችግር አያውቅም። በጃፓን ግን አንድ ባቡር ረጅም መንገድ ልሂድ ካለ በየመሃሉ የሚቀያየር ኤሌክትሪክ ይጠብቀዋል።

ችግሩ ምን ያህል እንደነበር የሚያሳይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ1964 የቶካይዶ ሺንካንሰን ተከፍቶ 151 ከቶኪዮ–ኦሳካ መስመር ሲነሳ፣ ከኦሳካ ወደ ምዕራብ እስከ ሃካታ እንዲሄድ ተመደበ። ሃካታ ያለችው በኪዩሹ ደሴት ነው፤ የኪዩሹ መስመር ደግሞ ኤሲ ነው። ስለዚህ ያ በራሱ ሞተር የሚሮጥ ዘመናዊ ባቡር ኪዩሹ ሲደርስ ፓንታግራፉን (ጣሪያው ላይ ሆኖ ከሽቦው ኤሌክትሪክ የሚቀበለውን ክንድ) አጥፎ በሎኮሞቲቭ ይጎተት ነበር። ለመብራቱና ለአየር ማቀዝቀዣው ኃይል የሚሰጥ ሌላ ፉርጎም ተጨምሮለት ነበር። አንድ ዓመት ያህል እንዲህ ቆየ፤ በ1965 ሁለቱንም ኤሌክትሪክ የሚችለው 481 ሲተካው ቀረ።

481 ለ60 ኸርዝ፣ 483 ለ50 ኸርዝ፣ በ1968 የመጣው 485 ደግሞ ለሁሉም። ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ስለሆኑ በአጭሩ 485 ይባላሉ። እስከ 1979 ድረስ ከ1,400 በላይ ፉርጎ ተሠርቷል። ክሬምና ቀይ ቀለሙ በመላ አገሪቱ የቶኪዩ መታወቂያ ሆነ።

ይህ ባቡር ምን ይችል እንደነበር በደንብ የሚገባው በ«ሃኩቾ» ነው፤ «ሃኩቾ» ነጭ ዳክዬ የመሰለው ትልቁ የውሃ ወፍ ስም ነው። ከኦሳካ እስከ ዋናው ደሴት ሰሜን ጫፍ አኦሞሪ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ፣ 13 ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ጉዞ ነበር። ከኦሳካ በዲሲ ይነሳል። በምዕራብ ዳርቻ ወዳለው ወደ ሆኩሪኩ ሲገባ 60 ኸርዝ ኤሲ ይሆናል። ኢቶይጋዋ አጠገብ ተመልሶ ዲሲ። ሙራካሚን ሲያልፍ 50 ኸርዝ ኤሲ። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ከሽቦው ኃይል የማይገኝበት አጭር ቦታ አለ። እዚያ ሲደርስ ነጂው ኃይሉን ያቋርጣል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ የማቀዝቀዣው ድምፅ ዝም ይላል፣ ባቡሩም በያዘው ፍጥነት ብቻ ይንሸራተታል። ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ሁሉም ይመለሳል። በሃኩቾ የተጓዘ ሰው ይህን ሦስት ጊዜ ያየዋል። ሃኩቾ በማርች 2001 ቀረ።

ከመሄዳችሁ በፊት አራት ፊደል እወቁ

በየፉርጎው ጎን ላይ በጃፓን ፊደል የተጻፈ ቁጥር አለ። «ኩ» ማለት የነጂ ክፍል ያለው፣ «ሞ» ሞተር ያለው፣ «ሃ» ተራ ማዕረግ፣ «ኔ» መኝታ ያለው ማለት ነው። «ኩሃ 481» ሲባል እንግዲህ ነጂ የሚቀመጥበት ተራ ማዕረግ ፉርጎ ሆኖ ሞተር የለውም። ይህ የትኛውን ሙዚየም መምረጥ እንዳለባችሁ ይወስናል። ሰው ሁሉ ፎቶ የሚያነሳው ያ ያማረ ፊት ሞተር የለውም። ሞተሩም፣ ሃያ ሺህ ቮልቱን አውርዶ የሚቀይረው ትራንስፎርመርም ያሉት መሃል ባሉት ፉርጎዎች ሥር ነው። ሙዚየሞች ደግሞ ቦታ ስለሚያጥራቸው ፊቱን ይዘው መሃሉን ይተዉታል።

ስለ ፊቱም አንድ ነገር። የመጀመሪያዎቹ 485ቶች አፍንጫ እንደ ድሮ የጭነት መኪና ኮፈን ወደ ፊት የወጣ ነው፤ ጃፓኖቹም «ቦኔት» ይሉታል፣ ያው ኮፈን ማለት ነው። ለውበት ብቻ አይደለም የተሠራው። ብዙ የሚጮኹት ጀነሬተርና ኮምፕሬሰር ከተሳፋሪው ርቀው እዚያ ውስጥ እንዲቀመጡ ነው። ነጂው ከኮፈኑ በላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ሩቅ ያያል፣ መሻገሪያ ላይ ከከባድ መኪና ጋር ቢጋጭ እንኳ ከፊቱ መከላከያ አለው። ከመስታወቱ ዝቅ ብሎ የተገለበጠ ሦስት ማዕዘን የመሰለ ምልክት ታያላችሁ፤ የቶኪዩ ምልክት ነው። ከ1972 ወዲህ የተሠሩት ግን ኮፈኑን ትተው ፊታቸው ጠፍጣፋ ሆነ፤ በዚያው ርዝመት ብዙ ወንበር ስለሚያስገባ። እኔ ኮፈን ያለውን እመርጣለሁ።

ኦሚያ፦ ለቶኪዮ እንግዳ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፈው ናሪታ ስለሆነ አብዛኛው የእኛ ሰው ጉዞውን የሚጀምረው ከቶኪዮ ነው። ለእነዚህ ኦሚያ ያለው የባቡር ሙዚየም የመጀመሪያ ምርጫ ነው። ከቶኪዮ ጣቢያ ኦሚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚያ ኒው ሻትል በሚባለው ትንሽ ባቡር አንድ ፌርማታ ብቻ ሄዳችሁ ከሙዚየሙ በር ላይ ትወርዳላችሁ። የተከፈተው ኦክቶበር 14 ቀን 2007 ሲሆን፣ በ2018 ሌላ ትልቅ ሕንፃ ተጨምሮለታል።

እዚህ ሁለት ቶኪዩዎች አሉ። አንደኛው ኩሃ 181-45 ነው። 181 ማለት የኮዳማው 151 ዳገት እንዲችል ተጠናክሮ የወጣ ወንድሙ ነው፤ ይህኛው «ቶኪ» ተብሎ በቶኪዮና በኒጋታ መካከል ሲሮጥ ኖሮ የጆኤትሱ ሺንካንሰን በኖቬምበር 1982 ሲከፈት ሥራውን ለቀቀ። ሁለተኛው የኛው 485 ነው፤ ኩሃ 481-26 እና ከኋላው የተቀጠለው ሞሃ 484-61።

ኦሚያን ከሌሎቹ የሚለየው ይህ ሞሃ 484 ነው። ከአራቱ ሙዚየሞች ውስጥ የባቡሩን ሆድ ዕቃ የያዘ ፉርጎ ያለው እዚህ ብቻ ነው። ፓንታግራፉ ጣሪያው ላይ ነው፣ ትራንስፎርመሩና ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚለውጠው መሣሪያ ሥሩ ናቸው። 485 ሲፈታ በመሠረቱ የዲሲ ባቡር ነው፤ ሃያ ሺህ ቮልቱን እያወረደና እየለወጠ ለራሱ 1,500 ቮልት ዲሲ የሚያዘጋጅ ፋብሪካ ተሸክሞ ይሄዳል። ሰው ይህን ፉርጎ ሳያየው ወደ ፊተኛው ያልፋል። እናንተ ግን ጎንበስ በሉና ሥሩን እዩ። ከዚያ ውስጥ ገብታችሁ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ መግባት ይቻላል።

ልጆች ካሏችሁም ኦሚያ ይሻላል። ራሳቸው የሚነዱት ትንሽ ባቡርና የመንጃ ማስመሰያ አለ። ድክመቱ ብዛቱ ነው፤ ሎኮሞቲቩ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ፉርጎ፣ ሺንካንሰኑ ሁሉ አንድ አዳራሽ ውስጥ ስለሆኑ 485 ከብዙ መካከል አንዱ ሆኖ ይቀራል። ማክሰኞ እንደሚዘጋ አትርሱ።

ኪዮቶ፦ ለፎቶ የሚወዳደረው የለም

የኪዮቶ የባቡር ሙዚየም በኤፕሪል 2016 የተከፈተው ከነባሩ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ጋራዥ ጎን ነው። ጋራዡ በ1914 የተሠራ፣ እንደ ማራገቢያ ክፍት ሆኖ 20 ሎኮሞቲቭ የሚያስገባ ነው፤ እሱ ብቻውን ለግማሽ ቀን ይበቃል። ከኪዮቶ ጣቢያ በሳጋኖ መስመር አንድ ፌርማታ ሄዳችሁ ኡሜኮጂ-ኪዮቶኒሺ ስትወርዱ እዚያው ናችሁ።

ወደ ዋናው አዳራሽ እንደገባችሁ ሦስት አፍንጫዎች ጎን ለጎን ይቀበሏችኋል፤ በ1997 በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር መሮጥ የጀመረው 500 ሺንካንሰን፣ የመኝታው ኩሃኔ 581-35፣ እና ባለ ኮፈኑ ኩሃ 489-1። የአርባ ዓመት የቅርጽ ለውጥ በአንድ ፎቶ ይገባል። ለፎቶ የምትሄዱ ከሆነ እንግዲህ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

489 ማለት 485 ሆኖ የኡሱይን ዳገት እንዲወጣ የተዘጋጀ ነው። ኡሱይ በጉንማና በናጋኖ ድንበር ያለ፣ በየ1,000 ሜትሩ 66.7 ሜትር ሽቅብ የሚወጣ የሐዲድ ዳገት ነበር። ባቡሩ ብቻውን ስለማይወጣው ኢኤፍ63 የተባሉ ከባድ ሎኮሞቲቮች ከሥር ሆነው ይገፉት ነበር፤ 489 ከእነዚህ ሎኮሞቲቮች ጋር ሞተሩን አስተባብሮ እንዲሠራ ነው የተሠራው። ዳገቱ በ1997 የናጋኖ ሺንካንሰን ሲከፈት ተዘጋ።

ይህ የኪዮቶው 489-1 ከኡኤኖ ወደ ካናዛዋ ሌሊት ሌሊት ይሄድ የነበረው «ኖቶ» አንድ ጫፍ ሆኖ እስከ ማርች 2010 ሠርቷል። የዚያው ባቡር ሌላኛው ጫፍ 489-501 ደግሞ በኢሺካዋ ግዛት በኮማትሱ ከተማ፣ ከጣቢያው በእግር በሚደረስበት አደባባይ ላይ ቆሟል፤ የሚንከባከቡት የከተማው ነዋሪዎች ናቸው። ለዓመታት አንድ ባቡር ሆነው፣ አንዱ ሲመራ ሌላው ከኋላ ሲከተል ኖረው፣ አሁን አንዱ በትልቅ አዳራሽ፣ አንዱ በትንሽ ከተማ አደባባይ ናቸው። የኮማትሱውን መጀመሪያ ስላየሁ ኪዮቶ ስደርስ ቁጥሩን አንብቤ ከፊቱ ለረጅም ጊዜ ቆምኩ። ሆኩሪኩ ሺንካንሰን ከ2024 ማርች ጀምሮ ኮማትሱ ስለሚቆም፣ ወደ ካናዛዋ የምትሄዱ ከሆነ እግረ መንገዳችሁን እዩት።

የኪዮቶው ድክመት ፉርጎዎቹ ውስጥ እንደ ልብ አለመገባቱ ነው። ከውጭ ትዞሯቸዋላችሁ፣ በመስኮት ታያላችሁ፤ አለቀ። የሚዘጋው ረቡዕ ነው።

ናጎያ፦ ለሌላ ዓይነት ቶኪዩ

የናጎያውን ሙዚየም አሳንሼ ማቅረቤ ሳይሆን 485 ስለሌለበት ነው በአጭሩ የማልፈው። በማርች 2011 የተከፈተው ይህ ሙዚየም ከናጎያ ጣቢያ በአኦናሚ መስመር ግማሽ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ላይ፣ ኪንጆፉቶ የሚባል የመጨረሻ ፌርማታ ላይ ይገኛል። ዋናው ሀብቱ ሺንካንሰንና በማግኔት የሚንሳፈፈው ባቡር ነው። የኛን ርዕስ የሚነካው ኩሃ 381-1 ነው።

381 በ1973 በናጎያና በናጋኖ መካከል «ሺናኖ» ተብሎ ሥራ የጀመረ፣ ኩርባ ላይ አካሉ እስከ 5 ዲግሪ የሚያዘነብል የጃፓን የመጀመሪያው የንግድ ባቡር ነው። አካሉ በሚሽከረከሩ ሮለሮች ላይ ተቀምጦ በኩርባው ጉልበት ራሱ ይወዛወዛል፤ የሚያዘው ሞተር የለውም። ተራራማውን መንገድ ፍጥነት ብዙ ሳይቀንስ እንዲያልፍ አስችሎታል። ችግሩ ውዝዋዜው ከኩርባው ዘግየት ብሎ ስለሚመጣ ብዙ ተሳፋሪ ያጥወለውለው ነበር። የመጨረሻዎቹ 381ዎች በምዕራብ ጃፓን በ«ያኩሞ» መስመር እስከ ጁን 2024 ሠርተዋል፤ ከብሔራዊው ምድር ባቡር ዘመን የቀሩ የመጨረሻዎቹ መደበኛ የኤሌክትሪክ ቶኪዩዎችም እነሱ ነበሩ። ለሺንካንሰን ብላችሁ ናጎያ ከሄዳችሁ ይህን ሳታዩ አትውጡ፤ ለቶኪዩ ብቻ ግን ቀን አትስጡት። እንደ ኦሚያ ሁሉ ማክሰኞ ዝግ ነው።

ሞጂ፦ የኔ ምርጫ

የኪዩሹ የባቡር ታሪክ ሙዚየም ከሞጂኮ ጣቢያ ጥቂት ደቂቃ በእግር ነው። ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ መግቢያውም ከአራቱ ሁሉ ርካሽ። ሕንፃው በ1891 የተሠራ፣ የድሮው የኪዩሹ ምድር ባቡር ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት የነበረ ቀይ ጡብ ነው። ባቡሮቹ ከሕንፃው ፊት ለፊት፣ እንደ ጣቢያ መድረክ በተሠራ ቦታ ላይ በተርታ ቆመዋል። እንደገባሁ መጀመሪያ የታየኝ የኩሃ 481-603 ቀይ ኮፈን ነው። ቀጥሎ ሰማያዊና ክሬም የለበሰው ኩሃኔ 581-8። ሁለቱም ውስጥ ገብታችሁ ትቀመጣላችሁ።

ኩሃ 481-603 በኪዩሹ ምሥራቅ ጠረፍ ይመላለስ በነበረው «ኒቺሪን» ስም ነው የቆመው። የሳንዮ ሺንካንሰን በማርች 1975 ሃካታ ሲደርስ ከኦሳካ ይመጡ የነበሩት ቀን ቀን የሚሄዱ ቶኪዩዎች ቀሩ፤ 485ቶቹ ግን በኪዩሹ ውስጥ ሥራቸውን ቀጠሉ። በ1982 የሰሜኑ ሺንካንሰኖች ሲከፈቱም ከዚያ የተረፉት ወደ ደቡብ ወረዱ። በመጨረሻም ከ12 ፉርጎ ወርደው በ3 ፉርጎ የሚሄዱበት ጊዜ መጣ። የአንድ ባቡር እርጅና ይህን ይመስላል፤ ሞጂ ላይ ስትቀመጡ ይህን አስቡት።

ጎኑ ያለው 581 ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። በ1967 ሲወጣ ቀን የወንበር፣ ሌሊት የመኝታ ባቡር ነበር። ያው አንዱ ባቡር ሌሊት «ጌኮ» ተብሎ ከሺን-ኦሳካ ሃካታ ይደርሳል፤ ቀን ደግሞ «ሚዶሪ» ተብሎ በሺን-ኦሳካና በኦይታ መካከል ይሮጣል። ጃፓን በዚያን ጊዜ ተሳፋሪው ስለበዛባት፣ ባቡርን ሌሊት ሠርቶ ቀን ጋራዥ ማቆም ብክነት ሆኖ ታይቷት ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ሁለት ፊት ለፊት የሚተያዩ ወንበሮች ወደ መሃል ሲሳቡ ተገጣጥመው የታችኛው አልጋ ይሆናሉ፤ መካከለኛውና የላይኛው ከግድግዳና ከጣሪያ ሥር ተከፍተው ይወርዳሉ። የታችኛው አልጋ ስፋት 106 ሳንቲ ሜትር ነው። በዚያ ዘመን የነበሩት ባለ ሦስት ደርብ የመኝታ ፉርጎዎች አልጋቸው 52 ሳንቲ ሜትር ብቻ እንደነበር ስታውቁ ተሳፋሪው ለምን እንደወደደው ይገባችኋል። የላይኞቹ ሁለቱ 70 ናቸው። ጣሪያው ከ485 ከፍ ያለው ለዚህ ሦስት ደርብ ሲባል ነው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለቆሙ በዓይናችሁ ትለኩታላችሁ። ተከትሎት ከወጣው ወንድሙ ከ583 ጋር ተደምሮ 434 ፉርጎ ተሠርቷል።

አሁን ወደ ፉርጎው ጎን ጠጋ በሉና በሮቹን ቁጠሩ። ሲሠራ በእያንዳንዱ ጎን አንድ የተሳፋሪ በር ነበረው። የሌሊት ተሳፋሪ በአውሮፕላንና በሺንካንሰን ሲወሰድ፣ ከ1984 ጀምሮ ከእነዚህ ባቡሮች ብዙዎቹ ወደ ከተማ አካባቢ የሠራተኛና የተማሪ ማመላለሻ ተለወጡ። ለቶሎ መውጫ መግቢያ ተብሎ ሁለተኛ በር ተቀደደላቸው። ይህ ፉርጎ ያን ጊዜ «ኩሃ 715-1» ተብሎ ተሰይሞ ነበር፤ ቀለሙ ወደ ጥንቱ ቢመለስም የተቀደደው በር እዚያው አለ። ሌላ ሙዚየም ውስጥ ያለው ፉርጎ አዲስ እንደነበረ ሆኖ ይታያል፣ የሞጂው ግን ያሳለፈውን ሁሉ በአካሉ ላይ ይዞታል። ሞጂን ከሁሉ የማስቀድመው ለዚህ ነው።

ርቀቱን ግን አልደብቅም። ከቶኪዮ በሺንካንሰን ኮኩራ ለመድረስ ወደ 5 ሰዓት ይወስዳል፤ ከኮኩራ ሞጂኮ ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ለባቡር ብቻ ከቶኪዮ መሄድ የሚከብድ ነው። ሂሮሺማ ወይም ፉኩኦካ የሚያደርስ ጉዳይ ካላችሁ ግን ምንም ሰበብ የለም፤ ከፉኩኦካው ሃካታ ጣቢያ ኮኩራ በሺንካንሰን ሩብ ሰዓት ነው።

የቀሩትስ?

በኒጋታ የኒትሱ የባቡር ሙዚየም ኩሃ 481-1508 አለ። ጣሪያው ላይ ሁለት መብራት ያለው ይህ ዓይነት በ1970ዎቹ አጋማሽ ወደ ሆካይዶ የተላከ ነበር፤ ደቃቁ በረዶ መሣሪያው ውስጥ እየገባ ስላበላሸው ወደ ዋናው ደሴት ተመለሰ። ፊቱ ጠፍጣፋ ነው። 485ን በየዘመኑ ለመከታተል ለሚፈልግ ካልሆነ ለብቻው አይሄድበትም።

ቶኪዮ ሆናችሁ ኦሚያን ካያችሁና ግማሽ ቀን ከተረፋችሁ ግን ኤቢና ያለውን የኦዳኪዩ ሮማንስካር ሙዚየም ጨምሩ። የመንግሥት ሳይሆን የግል ኩባንያ ፈጣን ባቡሮች ናቸው። እዚያ ያለው 3000 በ1957 በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር ሮጦ ለኮዳማው መንገድ የከፈተ ነው።

ወደ ሞጂ የምትወርዱ ከሆነ ደግሞ ከሙዚየሙ ወጥታችሁ ወዲያው አትመለሱ። ከሞጂኮ ሁለት ፌርማታ ሄዳችሁ ሞጂ ጣቢያ ውረዱና ወደ ሺሞኖሴኪ የሚሻገረውን ተራ ባቡር ያዙ። በ1942 በተከፈተው የካንሞን የባሕር ሥር ዋሻ በኩል ጥቂት ደቂቃ ነው። ኪዩሹ ኤሲ፣ ዋሻው ዲሲ ነው፤ መጋጠሚያው ከሞጂ ጣቢያ እንደወጣችሁ፣ ዋሻው ከመግባታችሁ በፊት ነው። 485ና 581 በየቀኑ ያልፉበት የነበረው ቦታ ያው ነው። ከነጂው ክፍል ጀርባ ቁሙ፣ ወሬ አቁሙና አድምጡ፤ ሞተሩ ዝም ይላል፣ የማቀዝቀዣው ድምፅ ይቆማል፣ የመንኮራኩርና የሐዲድ ድምፅ ብቻ ይሰማል፣ ከዚያ ሁሉም ይመለሳል።